የቤተ እስራኤል ልጆች አዳሪ ቤት በአዲስ አበባ፥ ከ1916 እስከ 1928 ዓ.ም.

የልጆች ማሳደጊያ ወይም አዳሪ ቤት በተባለ ጊዜ ቶሎ ወደ አሳባችን የሚመጣው አባትና እናቱ የሞቱበት፥ የሚያስጠጋው ያጣ ልጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ቤት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የአይሁድ ሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ልጆቹን የሰበሰበው ከጎዳና ላይ ሳይሆን ከዘመዶቻቸው መካከል ነው። የመጡትም በብዛት ከጎንደር ዙሪያ፥ ከቤተ እስራኤል መንደሮች ነበር። የመሥራቹ አሳብ ልጁን ከወላጁ ለይቶ ማስተማር፥ ካስተማረም በኋላ የወላጆቹ መንደር መምህር አድርጎ መመለስ ነበር። መለየቱ ተፈጸመ፤ መመለሱ ግን በአብዛኛው አልተፈጸመም። ለምን እንዳልተፈጸመ፥ ይህስ እንደ ውድቀት ሊቈጠር ይገባ እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውቃለን። ዘመኑን የምንሰጠው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ በአውሮጳ አቈጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን። ደግሞም በዚያ ዘመን መጻሕፍት «ፈላሻ» የሚለው ስም በሰፊው ይሠራበት ነበር። የስሙ ባለቤቶች ግን የሚጠሉት ስለ ሆነ፥ እኛ እነርሱ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ቤተ እስራኤል እንላቸዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የነዚህ ቤተሰቦች ችግር ምን እንደ ነበረ መታወቅ አለበት። ችግሩ ዛሬ በከተማ እንደምንሰማው የባልና የሚስት ጠብ ወይም የመጠጥ ነገር አይደለም። ሥሩ መሬት ነው። ቤተ እስራኤል ርስት የመያዝ መብት ካጡ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ነገሩም ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን፥ ማለት ከ15ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ እንደ ሆነ ይነገራል። አባትየው የሌላ ሰው መሬት ያርሳል፥ ከምርቱም ለባለ ርስቱ ያካፍላል፤ ከእርሻው ሥራ በተረፈው ጊዜ ብረት ይቀጠቅጣል ወይም ሸማ ይሠራል። እናትየዋ ጭቃ አቡክታ እንስራና ድስት ታበጃለች። ለዚህ ሁሉ ሙያ የተከፈላቸው ዋጋ «ቡዳ» የሚል ስም ነበር። ማረሻውን ከእጁ የሚገዛው ገበሬ፥ ያንኑ ሰው ዓይኑን ይፈራዋል።

በዚህ ላይ ክፉ ቀን ተጨመረ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደር ድረስ ገብተው ከተማውንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ወዲያውም የከብት እልቂት መጣ፤ በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። መከራው የማንንም ሃይማኖት አልለየም። ነገር ግን ርስት የሌለው ሰው በረኃብ ጊዜ የሚሸጠውም ሆነ የሚያስይዘው ነገር ስለሌለው አስቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው። ከቤተ እስራኤል ከግማሽ የሚበልጠው በዚያ ዘመን እንዳለቀ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ወደ አዲስ አበባ የመጡት ልጆች እንግዲህ ከዚያ የተረፉት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው መለያየት ከሃይማኖት የመጣ ነው። ከ1852 ዓ.ም. ጀምሮ የለንደን ማኅበር ሚስዮናውያን በቤተ እስራኤል መካከል ይሰብኩ ነበር። የሚገርመው፥ ሰባኪዎቹ ፕሮቴስታንት ሲሆኑ የተመለሰው ሰው የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ የፈቀዱት በዚህ ውል ነውና። እንዲህም ሆኖ አንዱ ወንድም ሲጠመቅ፥ ሌላው በአባቱ እምነት ሲጸና፥ በአንድ ገበታ መቀመጥ ቀረ። የተጠመቀው በክርስቲያኑ ዘንድ ገና ባዕድ ነው፤ በዘመዶቹ ዘንድ ደግሞ የረከሰ ነው። በሁለቱ መካከል የተወለደው ልጅ የማን እንደ ሆነ የሚነግረው የለም።

ከእንደዚህ ያሉት ልጆች አንዱ በኋላ የአዳሪ ቤቱ ኀላፊ የሆኑት አቶ ታምራት አማኑኤል ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሚያውቋቸው ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን በጻፉት አጭር መጽሐፍ ነው፤ የዕድሜያቸውን ብዙውን ክፍል የወሰደባቸው ሥራ ግን ይህ ትምህርት ቤት መሆኑን ጥቂት ሰው ብቻ ያስታውሳል። የተወለዱት ወደ ክርስትና ካዘነበለ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ነው፤ የተማሩትም በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ያገኟቸው በዚያ ነበር።

ስለ ፋይትሎቪች ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ ባጭሩ እናልፋለን። በ1881 እ.ኤ.አ. በፖላንድ፥ በሉጅ ከተማ ተወለዱ። በፓሪስ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ከዮሴፍ ሃሌቪ ተማሩ። ሃሌቪ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ማለቂያ ወደ ቤተ እስራኤል የመጣ የመጀመሪያው አውሮጳዊ አይሁዳዊ ሊቅ ነው። ደቀ መዝሙሩ ከ1896 እስከ 1897 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው በተመለሱ ጊዜ ሁለት ወጣቶች ይዘው ሄዱ፤ አንዱ ጌቴ ኤርምያስ፥ ሁለተኛው ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ታምራት በፓሪስ፥ ቀጥሎም በፊሬንጼ በረቢዎች ኮሌጅ ተማሩ። በ1912 ዓ.ም. ገደማ ከፋይትሎቪች ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጥቂት ቆይቶም የአዲስ አበባው ቤት ተከፈተ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው በአሜሪካ ለዚሁ ጉዳይ ከተቋቋመ የአይሁድ ኮሚቴ ነበር።

ስለ ምን በጎንደር ሳይሆን በአዲስ አበባ? በደምቢያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የመንደር ትምህርት ተሞክሮ ነበር። ነገር ግን የመንደር ትምህርት ቤት በአንድ ባላባት ወይም በአንድ ሰባኪ ፈቃድ የሚቆምና የሚወድቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ መንግሥት ያለበት ከተማ ነው፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ከጂቡቲ ገብቷል፤ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮጳ የሚላክ ልጅ ከዚያ ይነሣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለሕንፃ ሥራ ከጎንደር የመጡ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎችም በከተማው ነበሩ። እኛ እንደምንገምተው ምርጫውን የወሰኑት እነዚህ ምክንያቶች ናቸው።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ማለት አራዳ ማለት ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ስም የኢጣልያኖች ነው፤ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ያቋቋሙት እነርሱ ናቸውና። ከዚያ በፊት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፥ ትልቁ ገበያ፥ ባንኩ፥ የእቴጌ ሆቴል፥ የሕንድ፥ የግሪክና የአርመን ሱቆች ሁሉ በዚያው አቅራቢያ ነበሩ። «አራዳ» የሚለው ቃል ዛሬ የከተማን ብልሃት የሚያውቅ ሰው ማለት የሆነው በከንቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከነባሮቹ ቤቶች ብዙዎቹ ስለ ፈረሱ፥ ይህን የሚያነብ ወጣት የምንለውን ሰፈር በዓይኑ ሊፈልግ ቢወጣ ከስሙ በቀር ብዙ አያገኝም።

አንድ ነገር በተለይ እናስተውል። በነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚህ ከተማ ስለ ልጆች ብዙ ተሠርቷል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በቱርክ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ልጆችን አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ «አርባ ልጆች» በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ በኋላ የአገሪቱ መዝሙር የሆነውን ዜማ የደረሰውም ይኸው መምህራቸው ነው። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። የአርባው ልጆች ነገር ከኛ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ልዩነት ይታያል። እነርሱ የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አራዳ ቤታቸው ሲሆን የሚከራከር አልተገኘም። የቤተ እስራኤል ልጅ ግን በጎንደር የሚጠብቀው ሰው ነበረው።

አሁን ወደ ቤቱ ውስጣዊ ነገር እንግባ። ቤቱ የሃይማኖት ቤት ነበር፤ ሰንበት ይከበራል፥ ኦሪት ይነበባል፥ ዕብራይስጥ ይማራል። ነገር ግን የሚማሩት ሃይማኖት የወላጆቻቸው ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ወላጆቻቸው ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነው፤ ዕብራይስጥ አያውቁም። ቄሶችና መነኰሳት አሏቸው፤ መሥዋዕት ይሠዋሉ። ፋይትሎቪች መሥዋዕቱና ምንኵስናው እንዲቀር፥ በሰንበት ዋዜማ መብራት እንዲበራ፥ ጸሎቱም እንደ ሌሎቹ የዓለም አይሁድ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። የእርሳቸው ፍርሃት ቤተ እስራኤል ብቻቸውን ከቀሩ በሚስዮን ተውጠው ይጠፋሉ የሚል ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሚስዮኑ ልጁን ከአባቱ ጸሎት እንደሚለየው ሁሉ፥ መድኃኒቱም በመጠኑ ለየው።

ይህን ስንጽፍ እኛ ራሳችን በሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግን መሆናችንን አንሰውርም። እንጀራው፥ መጽሐፉና ጸሎቱ ከአንድ እጅ በሚሰጡበት ቤት፥ ልጅ ሦስቱን ለያይቶ ማመስገን አይሆንለትም። ስለዚህ የአዲስ አበባው ቤት ተማሪዎች ለመምህራቸው ሃይማኖት ያላቸውን ፍቅር ወይም ኵርፊያ ስንመዝን በጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የ«አትንኩኝ» ሥርዓት ነበር። በቤተ እስራኤል ልማድ ከወገን ውጭ ያለውን ሰው የነካ ሁሉ ወደ መንደሩ ከመግባቱ በፊት ወንዝ ወርዶ መታጠብ ነበረበት፤ የባዕድ ሰው ምግብም አይቀመስም። ይህ ሥርዓት መንደሩ በወንዝ ዳር፥ ከሌላው ሰው ፈንጠር ብሎ ሲሠራ ሊጠበቅ ይችላል። በአራዳ ገበያ ግን እንዴት ይሆናል? እዚያ ሰው ከሰው ሳይነካካ አንድ ጫማ ያህል መራመድ አይችልም። ሳንቲሙ ከግሪኩ ወደ ጉራጌው፥ ከጉራጌው ወደ ሕንዱ በእጅ ይተላለፋል። እንግዲህ በከተማ ጥቂት ዓመት የቈየ ልጅ በአባቶቹ ሕግ ሲታይ ሁልጊዜ ያልታጠበ ነው። ፋይትሎቪችና ታምራት ይህን የመለየት ሕግ ለማላላት ይፈልጉ ስለ ነበር ነገሩ አላስጨነቃቸውም። እናት ግን ልጅዋ ከሩቅ መጥቶ ሳይታጠብ እንዳይገባ የምትለው እርስዋ ነች።

በከተማው ሌሎች አይሁድም ነበሩ። ከኤደን የመጡ፥ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያሉ ነጋዴዎች በአራዳ ይነግዱ ነበር፤ የፒያሳው ቤኒን ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከነርሱ ከአንዱ የነጋዴ ቤተሰብ ነው። የራሳቸውም የጸሎት ቤት ነበራቸው። ከደምቢያ የመጣው የአንጥረኛ ልጅ በመጽሐፍ የተነገረውን «የዓለም አይሁድ» በዓይኑ ያየው መጀመሪያ በነዚህ ሰዎች ሊሆን ይችላል፤ ዐረብኛ የሚናገር፥ ጨርቅና ቆዳ የሚነግድ ሰው። በአንድ ሃይማኖት ስም የሚጠሩ ሁለት ወገኖች በአንድ ከተማ መኖራቸው አንድ ማኅበር አላደረጋቸውም።

የገንዘቡ ነገር ሁልጊዜ የሚያሳስብ ነበር። ከባሕር ማዶ በሚላክ ምጽዋት የሚተዳደር ቤት ልጆቹን በየቀኑ ያበላል፤ ምጽዋቱ ግን በየቀኑ አይመጣም። አቶ ታምራት ለፋይትሎቪች የጻፏቸው ደብዳቤዎች፥ በ2000 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ ታትመው ይገኛሉ፥ አንድ የቤት አባት ቀለቡን፥ ልብሱንና የልጆቹን ሕመም ሲያሰላ የሚያሳዩ ናቸው። መሥራቹ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ነበሩ፤ ኮሚቴውን ማሳመን የእርሳቸው ሥራ ነው። ልጁ ሲታመም ግን አጠገቡ የሚቀመጡት ታምራት ነበሩ። በኛ አስተያየት ቤቱን ያቆመው ከዓላማው ይልቅ ይህ ነው።

ከተማሪዎቹ የተመረጡት ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ፋይትሎቪች በጠቅላላው 25 ያህል ወጣቶችን ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ግብፅ፥ ወደ ጀርመን፥ ወደ ስዊስ፥ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ ኢጣልያና ወደ እንግሊዝ ልከዋል። አንዳንዶቹ በዚያው ብርድና ሕመም ጐዳቸው፤ በወጣትነታቸው የሞቱም አሉ። ልጅን ለትምህርት መስጠት ለወላጅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስንናገር እነዚህን መርሳት አይገባም። ከተማሪ ቍጥር ጋር የሚቈጠሩት የተመለሱት ብቻ አይደሉም።

የተመለሱትስ ወዴት ሄዱ? እዚህ ላይ ነው የመሥራቹ አሳብና የአራዳ ጕልበት የተጋጩት። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያነብ፥ ደብዳቤ የሚያረቅ፥ ሒሳብ የሚይዝ ሰው በብርቱ ይፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በጣት የሚቈጠር ነበር። ከአውሮጳ የተመለሰ ወጣት አራዳ ሲደርስ ደመወዝና ማዕርግ ይጠብቁታል። ጎንደር ግን በበቅሎ ብዙ ቀን የሚያስኬድ ሩቅ አገር ነው፤ እዚያም የሚጠብቀው ርስት የሌለው መሬትና «የቡዳ ልጅ» የሚል ስም ነው። በቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው የአባቱን ሥራ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ የሚጠየቀው ጽሕፈቱ ነው። ከተማው ለነዚህ ልጆች የሰጣቸው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል፤ መንደራቸው ሊሰጣቸው ያልቻለው ነውና።

ምሳሌውም አለ። ከፋይትሎቪች ተማሪዎች አንዱ የሆኑት አቶ ታደሰ ያዕቆብ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በገንዘብ ሚኒስቴርና በሌሎችም መሥሪያ ቤቶች እስከ ከፍተኛ ሥልጣን ደርሰዋል። አቶ ታምራት ራሳቸው ከነጻነት በኋላ በመንግሥት ሥራ ገቡ፤ በፓሪስም በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን አገልግለዋል። ለቤተ እስራኤል መንደር መምህር እንዲሆኑ የታሰቡት ሰዎች ለመላው ኢትዮጵያ ጸሐፊና ሹም ሆኑ። ይህን አንዳንድ ጸሐፊዎች እንደ ፕሮግራሙ ውድቀት ይቈጥሩታል። እኛ ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም። ልጁን ከእርሻና ከወናፍ አውጥቶ አራት ቋንቋ ያስተማረ ቤት፥ በኋላ ስለ ምን ወደ ወናፉ አልተመለሰም ብሎ ሊወቅሰው አይገባም። ደግሞም የመንግሥቱ በር ለቤተ እስራኤል ልጅ መከፈቱ ለራሱ ታሪክ ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ልጃቸውን የሰጡት ወላጆች ምላሹን አላዩም። የአንዱ ልጅ መሾም ለአባቱ አንድ ጥማድ ርስት አላስገኘለትም።

የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ሥራው ከዚህ ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እየታደነ ሲገደል አቶ ታምራት አገር ጥለው ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ ቤቱ እንደ ቀድሞው አልተከፈተም። ፋይትሎቪች በ1955 እ.ኤ.አ. በቴል አቪቭ፥ ታምራት በ1963 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ከተማሪዎቹ መካከል ግን ወደ መንደሩ ፊቱን የመለሰ አንድ ሰው ነበር። አቶ ዮና ቦጋለ በጎንደር አጠገብ በወለቃ የተወለዱ የሸማኔ ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተላኩ፥ ቀጥሎም በጀርመን፥ በስዊስና በፈረንሳይ ተማሩ፤ ተመልሰውም በአዲስ አበባው ቤት አስተማሩ። ከነጻነት በኋላ እርሳቸውም እንደ ጓደኞቻቸው መንግሥትን አገልግለው በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ግን የአይሁድ ኤጀንሲ በአሥመራ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲከፍት፥ የመንግሥቱን ሥራ ትተው የጎንደር መንደር ትምህርት ቤቶችን ማደራጀት ያዙ።

በ1955 እና በ1956 እ.ኤ.አ. 27 ወጣቶች ወደ እስራኤል፥ ክፋር ባትያ ወደሚባለው የሃይማኖት አዳሪ መንደር ተላኩ፤ ከነርሱም መካከል ልጃገረዶች ነበሩ። አሳቡ ያው የቀድሞው ነበር፤ ልጁን ከቤት አውጥቶ መምህር አድርጎ መመለስ። በዚህ ጊዜ ግን የተመለሱት ብዙዎቹ አራዳ ላይ አልቀሩም፤ በመንደሮቹ አስተማሩ። ከ1977 ዓ.ም. በኋላ፥ ሕዝቡ ራሱ ወደ እስራኤል በተሻገረ ጊዜ፥ ከመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ እንደገና በሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲኖሩ ተደረገ፤ ወላጆቻቸው በሱዳን በረሃ የቀሩባቸውም፥ ወላጆቻቸው አጠገባቸው ያሉትም በአንድነት። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰዱ ጊዜ፥ ከወለቃና ከአምቦበር ወጥተው ወራት ሙሉ በከተማው ሲጠብቁ የቈዩ ቤተሰቦች ነበሩ። ያን ጊዜ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር አብረው ሄዱ።